የባሌ ደጋ እንግዳና ገበታው

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብኩት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም ከአገሩ ርቆ በባሌ ደጋ ለመኖር ወይም ጥቂት ቀን ለመሰንበት የመጣ ሰው ምን ይበላል? የትስ ይበላል? ለሚበላውስ የሚከፍለው ገንዘብ በማን እጅ ይገባል? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። ነገር ግን በጥሞና ለሚመረምረው ሰው፥ እንግዳና አገር የሚተዋወቁት ወይም ሳይተዋወቁ የሚለያዩት በገበታ ላይ ነው። በባሌ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ የተፈጥሮ ሀብት ተጠብቆ መኖሩ፥ ባለአገሩ ከእንግዳው ከሚያገኘው ጥቅም ጋር የተያያዘ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ምግብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለው፥ ውሃ አሙቆ እግሩን ያሳጥበው፥ ከቤት ካለውም ያቀርብለት ነበር። ለበላኸው ክፈል ማለት የማይታሰብ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ እንኳ፥ መኳንንቱ በገንዘብ ምግብ መግዛትን አፍረው ስለ ራቁት፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው እየበሉና እየከፈሉ አርአያ እንደ ሆኑላቸው ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው።

ይህ የቸርነት ልማድ የተከበረ ነው፤ ግን ልክ አለው። አባቶቻችንም ቢሆኑ እንግዳ በፊተኛው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ቀን ብር፥ በሦስተኛው ቀን ጨርቅ ይሆናል ሲሉ ይህንኑ ልክ ማመልከታቸው ነው። አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄደውን መንገደኛ ማስተናገድ ይቻላል፤ ለሥራ ተልኮ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚቀመጠውን መምህር፥ ሐኪም ወይም መካኒክ በነጻ ልቀልብ የሚል ገበሬ ግን አቅሙ አይፈቅድለትም። ምግብ ቤት የተፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የምግብ ቤት ባለቤት ማለት የእግዜርን እንግዳ በገንዘብ የሚቀበል ሰው ነው። ገንዘቡን መቀበሉ ያስነቅፈዋል የሚል የለም፤ ይሁንና ገንዘብ ስለ ተቀበለ እንግዳን የማክበር ግዴታው አልተነሣለትም።

ባሌ ከእንግዳ ጋር ከተዋወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ፥ ከልዩ ልዩ አውራጃ የተላኩ ሹማምንት፥ ወታደሮች፥ ነጋዴዎችና መምህራን መኖሪያ ነበረች። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ከጀመሩ በኋላም፥ በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤቶች የተመደቡት ወጣቶች እንጀራን በእጅ ቆርሶ መብላትን የተማሩት እንዲህ ባሉ ከተሞች ነው። ዛሬ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ከጎባ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቀው ሮቤ ናት። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ከሰሜንም ከደቡብም፥ ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚመጡ ተማሪዎችና መምህራን ይኖሩባታል። የስንዴው መከር ሲደርስ ደግሞ ከየስፍራው ኮምባይነር ይዘው የሚመጡ ሾፌሮችና መካኒኮች ይጨመሩባታል። እነዚህ ሁሉ የአገር ልጆች ቢሆኑም፥ ከእናታቸው ጓዳ ርቀው በማያውቁት ከተማ ጉርሻ የሚፈልጉ እንግዶች ናቸው።

ከባሕር ማዶ የሚመጡትን የሚስባቸው ግን ተራራው ነው። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን የተባሉት የዱር አራዊት ሊቅ አካባቢውን መርምረው ጥብቅ ስፍራ እንዲሆን ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፥ በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ከሮቤ በስተምዕራብ ያለችው ዲንሾም የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ሆነች። በሳነቴ አምባና በወይብ ሸለቆ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ለማጥናት የመጡ ሊቃውንት፥ ወራት አልፎም ዓመታት በዚያ ብርድ ውስጥ ተቀምጠዋል። በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፥ ከግማሽ የሚበልጡት የሚገኙት በባሌ ነው። ቀበሮው የሚመገበው ግዙፍ ፍልፈልም ከባሌ በቀር በሌላ አገር አይታይም። ስለዚህ በሴፕቴምበር 2023 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይህ ምዝገባ ክብር ብቻ አይደለም፤ የጎብኚው ቁጥር ሲጨምር ገበታውን ማን እንደሚያዘጋጅና ማን እንደሚጠቀም ከአሁኑ እንድናስብ የሚያስገድድ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የምንማረው ነገር አለ። በሩቅ ምሥራቅ በታይላንድ አገር ፑኬት የምትባል ደሴት አለች። ባሕርዋና ፀሐይዋ ስለሚስባቸው ብዙ የአውሮፓ፥ የሩሲያና የአውስትራሊያ ሰዎች ወደዚያች ደሴት ይጎርፋሉ፤ ጡረታቸውን ይዘው በዚያው የሚቀመጡም አሉ። በደሴቲቱ ላይ ሁለት ዓይነት ገበታ ይታያል። አንዱ በባሕሩ ዳርቻ የተደረደሩት ውድ ቤቶች ገበታ ሲሆን፥ እንግዳው በአገሩ የለመደውን ጥብስና ድንች መልሶ የሚያገኝበት ነው። ሁለተኛው በመንገድ ዳርና በገበያ ውስጥ ያለው የባለአገሩ ገበታ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ገበታ ላይ የሚገኘው የስንዴ ጥብጣብ ወጥ፥ በቆርቆሮ ማዕድን ዘመን ከቻይና ለሥራ የመጡ ሰዎች ይዘውት የገቡና ከዓሣው፥ ከቃሪያውና ከኮኮናቱ ጋር ተዋሕዶ የደሴቲቱ የራሷ የሆነ ምግብ ነው። በ2015 ዩኔስኮ ፑኬትን በምግብ ጥበባቸው ከሚታወቁ ከተሞች ተርታ ያስገባት በባለአገሩ ገበታ ምክንያት ነው እንጂ፥ በባሕሩ ዳር በሚቀርበው የፈረንጅ ጥብስ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ እንግዳ ከሩቅ አገር የሚመጣው በቤቱ የተወውን ምግብ እንደገና ለማግኘት አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ከውጭ የገባ ምግብ ሁሉ ለዘላለም ባዕድ ሆኖ እንደማይቀር ነው። ባሌ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ሆኖም ሁለቱም ትምህርቶች ለእሷ ይስማሟታል።

በሮቤና በጎባ ወደሚገኙት ምግብ ቤቶች የውጭ አገር ሰው በገባ ጊዜ አስተናጋጁ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርብለት ፓስታና የእንቁላል ጥብስ ነው። ይህን የሚያደርገው በደግነት ነው፤ እንግዳው እንዳይቸገር ያስባልና። እንግዳውም በበኩሉ ሆዱን ስለሚፈራ፥ ከአዲስ አበባ በመኪና የጫነውን የታሸገ ዓሣና ብስኩት ይፈታል። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ወገኖች እየተሳሳቁ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ተመልሶ የባሌን ተራራና ቀበሮ ሲያወሳ የባሌን ገብስ፥ ማርና ወተት ሳይቀምስ ሄዷል። የገብሱ፥ የማሩና የወተቱ ባለቤትም ከእንግዳው አንዲት ብር አላገኘም።

ይህን ስል ፓስታን ለመንቀፍ አይደለም። ፓስታና ማካሮኒ ከኢጣልያኖች ጋር የገቡ ምግቦች ቢሆኑም፥ የሚሠሩበት ጠንካራው ስንዴ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የኖረ እህል ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ አገራችን መጥተው የስንዴያችንን ዓይነት ብዛት አይተው አድንቀዋል። በባሌም የሲናና የእርሻ ምርምር ማእከል ከሚመራመርባቸው እህሎች አንዱ ይኸው የማካሮኒ ስንዴ ሲሆን፥ ከኢጣልያ መንግሥት በተገኘ ርዳታ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው እያመረቱ ለፓስታ ፋብሪካዎች እንዲሸጡ ተደርጓል። እንግዲህ በሮቤ ሜዳ የበቀለው ስንዴ ወደ ፋብሪካ ሄዶ፥ ታሽጎ ተመልሶ በሮቤ ምግብ ቤት ይቀቀላል ማለት ነው። ፑኬት የቻይናውን ጥብጣብ የራሷ እንዳደረገችው፥ ባሌም ፓስታን የራሷ ልታደርገው ትችላለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ለእንግዳው ፓስታውን ሲያቀርብ «ይህ ስንዴ የበቀለው ከዚህ ከተማ ዳር ነው» ብሎ ቢነግረው፥ ያው ሳህን ሌላ ጣዕም ያገኛል። ከሳህኑ አጠገብም ከዚያው ስንዴ የተከካ ቂንጬ በቅቤ ተለውሶ ቢቀርብ፥ እንግዳው የአንድን እህል ሁለት መልክ ያያል።

ወደ ተራራው ስንወጣ ደግሞ የስንዴው ግዛት አልቆ የገብሱ ይጀምራል። እዚህ ላይ ከወጥ ቤት ሥራ ጋር የተያያዘ አንድ የተፈጥሮ ሕግ መግለጽ ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጎባ ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ፥ 4,000 ሜትር በሚደርሰው በሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ሙቀቱ ግን ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሽምብራውና ባቄላው ቶሎ አይበስልም፤ ሩዙም እንደ ጥሬ ይቀራል፤ የሚነደውም እንጨት ይበዛል። የደጋው ሰው ይህን በቁጥር ባያሰላውም ከኑሮው ተምሮታል። ገብሱን በምጣድ ቆልቶ ይፈጨዋል። ዱቄቱን ከተነጠረ የቅመም ቅቤ ጋር አሽቶ ጭኮ ያደርገዋል። ጭኮ በምጣድ አንዴ የበሰለ ስለ ሆነ ዳግመኛ እሳት አይጠይቅም፤ ሰንብቶ አይበላሽም፤ በጥቂቱ ያጠግባል። ለዚህም ነው የአርሲና የባሌ ሰው ከጥንት ጀምሮ ለመንገድ ስንቅ ያደረገው።

እስቲ አስቡት፤ 4,377 ሜትር ከፍ ያለውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ ለማየት የሚወጣ ሰው በኪሱ የሚይዘው ከባሕር ማዶ በወረቀት ታሽጎ የመጣ ጣፋጭ ነው። በዲንሾ ወይም በጎባ ያለች አንዲት እናት ግን ከዚያ የሚሻል ስንቅ በእጅዋ መሥራት ትችላለች። ጭኮዋን በንጹሕ ዕቃ ከትታ፥ የሠራችበትን ቀን ጽፋ፥ ለአስጎብኚዎች ብታቀርበው መንገደኛው ይጠቀማል፤ እስዋም ልጅዋን የምታስተምርበት ገንዘብ ታገኛለች። ማለዳ ደግሞ በኦሮምኛ መርቃ የሚባለው ትኩስ የገብስ ገንፎ፥ መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ሞልቶበት ቢቀርብ፥ በሳነቴ ብርድ የተጨበጠ ሰው ከማናቸውም የሆቴል ቁርስ አብልጦ ያመሰግነዋል።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ሪራን አልፎ የሐረና ደን ይጀምራል። ከደኑ ጥላ ሥር ያለ ሰው እጅ የበቀለ ቡና አለ፤ በዛፎቹ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎችም ማር ይቈረጣል። ይህ ቡና በውጭ አገር የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ በመንገዱ ላይ በሚገኙ አንዳንድ ቤቶች ለፈረንጁ የሚቀርብለት ከቆርቆሮ የወጣ የዱቄት ቡና መሆኑ ያሳዝናል። የእኛ የቡና ሥርዓት ረጅም ነው፤ መቁላቱ፥ መውቀጡ፥ ማፍላቱ ጊዜ ይወስዳል። ለቸኮለ ሰው ባይስማማም፥ ለማየትና ለማወቅ የመጣ እንግዳ ግን ጊዜ አለው። በእነዚህ አገሮች ደግሞ ቡና ቀላ የሚባል ከሌላው አውራጃ የተለየ ልማድ አለ። የቡናውን ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ አብስሎ ለእንግዳ ማቅረብ በኦሮሞ ዘንድ የበረከት ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለእንግዳ ሲያቀርቡ ትርጉሙንም አብሮ መንገር ይገባል፤ ትርጉሙ ያልተነገረለት ጉርሻ ግማሽ ጉርሻ ነውና።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ ስለሚሻው ነገር ልናገር። በባሌ ሙስሊምና ክርስቲያን ተከባብረው አብረው ይኖራሉ፤ በሥጋ ነገር ግን ገበታቸው ይለያል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ምግብ ቤቶቹ የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ በጽሑፍ ወይም በምልክት ያስታውቃሉ። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ነገሩን እንደ ጠብ ይቆጥረዋል፤ ጠብ ግን አይደለም። ልዩነቱ በሥጋው ላይ ብቻ ነው፤ እንጀራው፥ ሽሮው፥ ማሩና ቡናው ሁሉንም ያገናኛል። ጎረቤታሞች በሠርግና በበዓል ሲጠራሩ ለየወገኑ የሚሆን እንስሳ በየወገኑ እጅ ታርዶ፥ በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት ድስት ተሠርቶ፥ ሁሉም ጠግቦ ይሄዳል። እንግዳም ሲመጣ ይህን ጥበብ ሊማር ይገባዋል። ሙስሊም ጓደኛውን ለምሳ የሚጋብዝ መምህር ቤቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ክርስቲያኑን የሚጋብዝም ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆናቸውን ያስታውስ። በረመዳን ወራትም በቀን በሰው ፊት ከመብላት መቆጠብ የጨዋ ሰው ምግባር ነው። የምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ለእንግዳው «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ እውነቱን መናገር አለበት፤ በሥጋ ነገር ማታለል ገንዘብ ከመስረቅ የከፋ በደል ነው።

ስለ ጤናም ጥቂት መናገር ግድ ይላል። ያልፈላ ወተት መጠጣት የሳምባ ነቀርሳንና ሌሎች ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያመጣ ስለሚችል፥ ወተቱን አፍልቶ ማቅረብ የአስተናጋጁ ግዴታ ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያስይዝ አባቶቻችን በሚገባ ያውቁ ነበር። በዲንሾ ዙሪያ የሚታየው ታላቁ የኮሶ ዛፍ ስሙን ከዚህ በሽታ ጋር የተጋራው የአበባው መድኃኒትነት ስለ ታወቀ ነው። ዛሬ ግን መጠኑ ካልታወቀ የኮሶ መድኃኒት የሐኪም ቤት ኪኒን ይሻላል፤ ከኪኒኑም ሥጋውን አብስሎ መብላት ይበልጣል። ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሳነቴ ሲወጣ ራሱን ሊያመው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ምግቡን ቀለል አድርጎ፥ ውሃ በብዛት ጠጥቶ፥ ከአልኮል መጠጥ መታቀብ አለበት። ካልተሻለው ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምመጣው ወደ ዋጋ ነገር ነው። በብዙ አገሮች ወደ ብሔራዊ ፓርክ ሲገባ የውጭ አገር ሰው ከባለአገሩ የበለጠ ይከፍላል፤ በታይላንድም እንዲሁ ነው። ይህ በመንግሥት ተወስኖ፥ በግልጽ ተጽፎ፥ በደረሰኝ የሚከፈል ነው። ነገር ግን በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ አንዱ ቂንጬ ለአንዱ በአንድ ዋጋ፥ ለሌላው በሦስት እጥፍ ሲሸጥ፥ እሱም የእንግዳው ፊት ታይቶ ሲወሰን፥ ይህ ንግድ ሳይሆን እንግዳን መግፈፍ ነው። ከፈረንጁ ይልቅ የሚጎዳውም ከሌላ አውራጃ መጥቶ በወር ደመወዝ የሚኖረው መምህር ነው፤ ፈረንጁ ነገ ይሄዳል፤ መምህሩ ግን በየቀኑ ይበላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የምግቡ ስምና ዋጋ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እንዲህ ያደረገ ቤት እንግዳው አምኖት ይመለሳል፤ ለጓደኛውም ይነግርለታል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። የባሌ ተራሮች ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የውሃ ምንጭ ናቸው፤ ዋቤ ሸበሌም ገናሌም ከዚያ አካባቢ ከሚወርደው ውሃ ይመገባሉ። በዚያው ተራራ ላይ ግን ከብቱን በጎዳንቱ ሥርዓት በየወቅቱ ወደ ላይ የሚያወጣ አርብቶ አደር፥ ገብስ የሚዘራ ገበሬ፥ እንጨት ለቅሞ የሚሸጥ ድኻ ይኖራል። እነዚህን ሰዎች «አትረሱ፥ አትቁረጡ፥ አታግጡ» ብሎ መከልከል ብቻ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ገብሱን፥ ወተቱን፥ ማሩን፥ ቡናውን እንግዳው የሚገዛቸው ከሆነ ግን ተራራው እንዲጠበቅ ከማንም በላይ እነሱ ይፈልጋሉ። በተቃራኒው እንግዳው ምግቡን ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ፥ ቀበሮውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ባዶውን ቆርቆሮ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ፥ ባለአገሩ «ይህ ቀበሮ ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የእንግዳው መብዛት ራሱ ጉዳት እንዳያመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከላይ እንደ ተናገርኩት በከፍታ ቦታ ማብሰል ብዙ እንጨት ይፈጃል። ምግብ ቤት ሁሉ የአስታውንና የጥዱን እንጨት የሚማግድ ከሆነ፥ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ደን እራት አድርገን እያበሰልንለት ነው ማለት ነው። ስለዚህ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ፥ ኤሌክትሪክ ባለበትም የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም ለሆቴል ባለቤት ከጌጥ ይልቅ አስፈላጊ ነው። ሌላው ጥንቃቄ ስለ ፍርፋሪና አጥንት ነው። በሰፈር አካባቢ የተጣለ አጥንት ውሻ ይስባል፤ ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ያደርሳል። በ1991፥ በ2003 እና በ2008 ይህ በሽታ በባሌ ተነሥቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። እንግዲህ አንድ መንገደኛ ከድንኳኑ አጠገብ የሚጥለው አጥንት ቀላል ነገር አለመሆኑን ልብ በሉ። የተረፈውን ምግብ ሰብስቦ መመለስ የእንግዳም የአስጎብኚም ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ በሮቤና በጎባ ለሚኖሩት የሌላ አውራጃ ተወላጆች የማሳስበው አንድ ነገር አለኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በአንድ ከተማ ሦስት ዓመት ተቀምጦ የአገሩን ሰው ቤት ሳያውቅ፥ ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ በአንድ ጥግ እየበላ ጊዜውን የሚጨርስ ሰው፥ ሥራውን ሠርቶ ይሆናል እንጂ ኖሮበታል አይባልም። ከዚህ በፊት ያልበላችሁትን ቅመሱ። ሰላምታውን «አካም» ብላችሁ ጀምሩ፤ በልታችሁ ስትነሡ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። ሁለት ቃል ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ያበሰለችው ሴት ፊት ላይ የሚያመጡት ብርሃን ሌላውን ቃል ለመማር ይገፋፋችኋል። ተማሪዎቻችሁም መምህራቸው የእናታቸውን ምግብ እንደሚያከብር ባወቁ ጊዜ ትምህርቱን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ለምግብ ቤት ባለቤቶችም የምለው ይህን ነው። እንግዳ ሲመጣ በቤታችሁ ያለውን መልካም ነገር አትደብቁት። የገጠሩ ምግብ ያሳፍራል፥ የከተማው ያስከብራል የሚለው አስተሳሰብ እንግዳውንም፥ ገበሬውንም፥ ራሳችሁንም ይጎዳል። ንጽሕናውን ጠብቁ፤ ዋጋውን ጻፉ፤ እህሉን፥ ማሩንና ወተቱን ከጎረቤታችሁ ግዙ። የእናንተ ትርፍ በከተማ ያለ አንድ ቤት ትርፍ ሆኖ አይቀርም፤ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ወጥቶ ከብቱን የሚጠብቀውን ልጅ ይደርሰዋል።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ የዛሬው ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። አዳራሽና ብዙ መብራት ያለው ሆቴል ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ገብስ ቆልቶ፥ ቡና አፍልቶ፥ እውነተኛ ዋጋ ጠርቶ እንግዳን መቀበል ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።